ሲወድቅ የማይጮኸው ብር

ውዱ አባዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ልጽፍልህ ሳስብ የኖርኩት ስለ ቤታችን በሰላም ላወራህ ነበር። አሁን የምጽፍልህ ግን ደሴ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ያ የአንተ ብር የልጄ የኢክራም ጉሮሮ ውስጥ ተቀርቅሯል። ማደንዘዣ ሰጥተው ከበሩ ወዲያ አስገብተዋታል። እማዬ ከአግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ተቀምጣ ተስቢሗን ትቆጥራለች፤ ከሐረጎ ቁልቁለት ጀምሮ አላናገረችኝም። የማወራው ሰው አጣሁ። ስለዚህ የሐኪም ወረቀቶች መያዣ ብዬ የገዛሁትን ደብተር ገለጥኩና አንተን ማናገር ጀመርኩ።

ፈርቻለሁ አባዬ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። አንተ ስትሞት እንኳ አለቀስኩ እንጂ አልፈራሁም፤ አንተ ሸምግለህ፣ ሸሃዳህን ብለህ ነው የሄድከው። ኢክራም ግን ገና ሦስት ዓመቷ ነው።

ልቤ ይረጋ እንደሆነ መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሱቅህን ለጫማ ነጋዴ አከራየነው። የጨፋ ማሽላ ዘንድሮ ያዘ፤ ከሚሴ ገበያ በእሸት ተጥለቅልቋል። ባለቤቴ ሎጊያ ሥራ አግኝቶ ስለሄደ እኔና ኢክራም ጠቅልለን እማዬ ጋ ገብተናል። አልጋህ ከነበረበት አልተነሳም። ሽርጥህን አጥባ አጣጥፋ ትራሱ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሳጥኗን ከፍታ ብሩን ታወጣለች። ከኢክራም ጋር ትጫወቱት የነበረው ጨዋታ እንዳይቀርባት ብላ ነው።

ያ ብር እንዴት ቤታችን እንደገባ አንተም እኔም እናውቃለን። ግን ዛሬ ለእማዬ ሚኒባስ ውስጥ የነገርኳት በሳግ፣ በቁርጥራጩ ስለሆነ አንድ ቦታ በወጉ ተጽፎ ይቀመጥ።

አሥር ዓመቴ ነበር። አንተ ሳልባጅ ትነግድ ነበር። የመጀመሪያውን ቦንዳ ስትገዛ እማዬ የአንገቷን ጌጥ፣ የድሮውን ማርትሬዛ ብር፣ ፈትታ ሰጥታህ ነበር፤ አንተም መልሼ አንገትሽ ላይ ሳላንጠለጥለው አልሞትም ብለሃት ነበር። ቦንዳ ሲፈታ የልብሱን ኪስ መፈተሽ የእኔ ሥራ ነበር። የማይወጣ ነገር አልነበረም፤ የአውቶቡስ ቲኬት፣ የደረቀ ማስቲካ፣ አንዴማ የወለቀ የልጅ ጥርስ አግኝቼ ሦስት ቀን እጄን ስታጠብ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ከሰማያዊ የልጅ ጃኬት ኪስ ክብ የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር አወጣሁ። ባንድ ወገኑ ጆሮው የረዘመ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ድመት ይሁን ጥንቸል ያልለየለት አውሬ አለ። በሌላው ወገን ኮከብ። ቀለል ማለቱን ያኔም ታዝቤ ነበር። አንተ ግን ምን ጊዜ ሰጥተኸኝ። ከእጄ ነጥቀህ ሮጥክና የእማዬን መዳፍ ከፍተህ አስቀመጥክላት። ብርሽ መጣልሽ አልካት። ስትስቅ እንባዋ ሲወርድ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሰኞ ባቲ ይዘኸኝ ሄድክ፤ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለማወቅ። ብር የሚገዙትን ሽማግሌ ታስታውሳቸዋለህ። ማርትሬዛ ሲመጣላቸው ድንጋይ ላይ ይጥሉና ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ንጹሑ ሲወድቅ ድምፁ ረዘም ይላል፤ የተደባለቀው ቶሎ ይሞታል። ያንተን ጣሉት። ጣ አለና ቀረ፤ የሸሚዝ ቁልፍ የወደቀ ነው የሚመስለው። ሁለተኛ አልጣሉትም። መዳፍህ ውስጥ መልሰው ጣቶችህን አጠፉልህና፣ ፕላስቲክ ነው፣ ቀብተውት ነው፣ ለልጅህ መጫወቻ ይሁናት አሉህ። አጠገባችን የነበሩት ግመል ነጂዎች ሳቁ። አንተም አብረሃቸው ሳቅክ፤ ጆሮህ ግን ቀልቶ ነበር።

ስንመለስ ኮምቦልቻ ደረስን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረህ፣ ሰዓዳ፣ ይቺን ነገር እኔና አንቺ ብቻ ነን የሰማናት፣ እናትሽ አንዴ ደስ ብሏታል፣ ደስታዋን ከእጇ አልነጥቅም፣ እውነተኛውን እስካመጣላት ዝም በይ አልከኝ። በአላህ አስማልከኝ። ማልኩ። እውነተኛውን ሳታመጣላት ዓመታት ሄዱ፤ አንድ ዓመት ቦንዳው ይከስራል፣ አንድ ዓመት እኔ እታመማለሁ፣ ከዚያ ሰርጌ መጣ። እሷም አንድም ቀን አልጠየቀችህም፤ ሳጥኗ ውስጥ ብር አለ ብላ ታምናለቻ። ለአንገቷ እንዲሆን እንዲበሳ እንኳ አልፈቀደችም፤ እንዲህ ያለ ብር ከተበሳ ዋጋው ይወርዳል ትል ነበር።

አንተም ነገሩን ወደ ጨዋታ ወሰድከው። እሁድ ሰንበቴ ገበያ ማን አብሮህ እንደሚሄድ፣ ማን ውኃ እንደሚቀዳ፣ ጠብ የተነሳበትን ሁሉ በእሱ ትፈርድ ነበር። አውሬ ወይስ ኮከብ ብለህ በአውራ ጣትህ ታስፈነጥረዋለህ። ብር አይወረወርም፣ ይረክሳል እያለች እማዬ ትቆጣለች። እኔ ግን ሌላ ነገር አያለሁ። ሁልጊዜ በመዳፍህ ነበር የምትቀልበው፤ ካመለጠህም ፍራሽ ላይ እንዲወድቅ አድርገህ ነው። የቤታችን ወለል ሊሾ ሲሚንቶ ከሆነ በኋላማ ፍራሽ ከሌለበት ወርውረኸው አታውቅም። መሬት ቢነካ እንደሚያጋልጥህ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዳንዴ ሊያመልጥህ ሲል ዓይን ለዓይን እንተያይና ሁለታችንም እንገረጣለን።

ከጂዳ የተመለሰችው የጎረቤታችን ልጅ ከድሪያ አይታው እንደሳቀችም አትረሳም። የአሠሪዎቿ ልጆች ይሄን የመሰለ በሣጥን ሙሉ አላቸው። የአውሬ ሥዕል ያለበት ካርታ እየደረደሩ ይጫወታሉ። የማን አውሬ እንደሚመታና የማን እንደሚስት የሚለየው ይሄ ተወርውሮ ነው። አንዱ ልጅ የሌላውን ቢነካ ቤቱ ይናወጣል አለችን። ከብረትም ከፕላስቲክም ይሠራል ልትል ስትጀምር አንተ ቶሎ ብለህ የእናቷን ጤና ጠየቅካት። እማዬም፣ አረቦች ሀብታም ስለሆኑ ለልጆቻቸው መጫወቻ በብር ያሠራሉ ብላ አረፈችው።

ኢክራም ስትወለድ ደግሞ አዲስ ዘዴ አመጣህ። ብሩን አፍህ ውስጥ የከተትከው መስለህ ትውጣለህ፣ ዓይንህን ታጉረጠርጣለህ፣ ከዚያ ከጆሮዋ ኋላ ታወጣዋለህ። በሳቅ ትንከተከት ነበር። የኔ አባት፣ ያን ጨዋታ ባላሳየሃት።

ዛሬ ጠዋት እማዬ ብሩን ሰጥታት ሻይ ልትጥድ ዞር አለች። እኔ ልብስ ሳሰጣ የእማዬን ጩኸት ሰማሁ። ገብቼ ሳይ ኢክራም ለሃጯ ይዝረበረባል፣ አንገቷን አቅንታ ቆማለች፣ ዓይኖቿ ፈጠዋል። ብሩስ ስላት ጣቷን ወደ ጆሮዋ ወሰደች። በጆሮዬ ይወጣል አለችኝ፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ። ፍራሹን ገለበጥን፣ ሳጥኑን ዘረገፍን። እውነት ዋጠችው ወይስ ጣለችው፣ ለማወቅ አልቻልንም። ጤና ጣቢያ ሮጥን፤ ቶሎ ደሴ ውሰዷት አሉን።

አሁን የምነግርህ ከሁሉ የሚከብደኝን ነው። እዚህ ስንደርስ ሐኪሙ ምን እንደዋጠች ጠየቀን። ከኔ በፊት እማዬ መለሰች፤ ብር ነው፣ ንጹሕ ብር አለችው። ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራት አንስቶ ቢያይ ቢያይ ምንም የለም። ብረት ቢሆን እንደ ጨረቃ ፍንትው ብሎ ይታይ ነበር፣ እንግዲያው አልዋጠችውም፣ ቤታችሁ ፈልጉት፣ ጉሮሮዋን የቧጠጣት ነገር ይኖራል፣ ካልተሻላት መልሷት አለ። እማዬ እጇን ዘርግታ አልሐምዱሊላህ አለች።

እኔ ያኔ አውቄ ነበር አባዬ። የሽማግሌው ድንጋይ ጆሮዬ ላይ ጣ ብሏል። ፕላስቲክ በራጅ ይታይ አይታይ አልተማርኩም፤ ብረት አለመሆኑን ግን አውቅ ነበር። አፌን ከፈትኩ። እማዬን አየኋት፤ ፊቷ በደስታ በርቷል። መሐላዬ ትዝ አለኝ፤ አንተም የለህም፣ ማን ይፍታኝ? ምናልባት እውነት አልዋጠችውም ይሆናል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ዝም አልኩ። ልጄን ታቅፌ፣ ዝም ብዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ሐረጎን መውረድ ስንጀምር እማዬ ውኃ አቀመሰቻት። ውኃው በአፍንጫዋ ተመለሰ። ሳል አጣደፋት፣ ከንፈሯ ጠቆረ፣ በጥፍሯ ክንዴን ቧጠጠችኝ። እኔም ጮህኩ። እማዬ፣ ብር አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው፣ ባቲ ላይ ነግረውናል፣ አባዬ አስምሎኝ ነው፣ ለዚህ ነው ያልታየው አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ሹፌሩ ጠርዝ ይዞ ቆመ፤ ወርዶም ሽቅብ የሚመጣ መኪና በሁለት እጁ አስቆመልን። አብሽሪ፣ ትደርሳለች አለኝ። እማዬ ልጅቷን ከእጄ ተቀብላ መኪናው ውስጥ ገባች። አላየችኝም።

ለሐኪሙ ስነግረው አልተቆጣኝም። ፕላስቲክማ ራጅ አያሳየውም፣ አሁን ግድ የለሽም፣ በመሣሪያ እናየዋለን አለ። ፈርሚ አሉኝ፤ ፈረምኩ።

ከዚያ ወዲህ በሩን ነው የማየው። አንድ ጊዜ ነርስ ወጥታ ባዶ እጇን አልፋን ሄደች። ከደሴ እስከ ሐረጎ ያለውን መንገድ እየደጋገምኩ እቆጥራለሁ። ስንት ደቂቃ ዝም አልኩ? ያ ደቂቃ ቢሆንስ እሷን የሚያሳጣኝ? ያ ረቢ፣ ዝምታዬን በእሷ ላይ አትቁጠርብኝ። አባዬ፣ እዚያ ሆነህ ዱዓ የምታደርግ ከሆነ አሁን አድርግ። በሩ ተከፈተ፤ ላቁም።

ይህን የምቀጥለው በአራተኛው ቀን ነው፣ ከሚሴ ገብተን፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ሆኜ። ኢክራም ደህና ናት። ድምፅዋ ትንሽ ሻክሯል እንጂ ትበላለች፣ ትሮጣለች።

ያን ዕለት ነርሷ በፋሻ ጠቅልላ ያመጣችውን ብር እማዬ ተቀበለቻት። ፈታችው። ከፍ አድርጋ የኮሪደሩ ወለል ላይ ለቀቀችው። ጣ አለና ቀረ። አጎንብሳ አነሳችው፣ አሁንም ለቀቀችው፤ አሁንም ጣ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰዓት የመጀመሪያዋን ቃል ተናገረች። ወላሂ፣ አንድም ቀን ሊሾው ላይ አልጣለውም ነበር አለች። ተናዳ ይሁን አዝና መለየት አልቻልኩም።

ወደ ኢክራም አስገቡን። ዓይኗን ስትገልጥ መናገር አልቻለችም። እጇ ብቻ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ሄደ፤ ከኋላው ዳበሰች፤ ምንም የለም። ፊቷ ሊያለቅስ ተጨማደደ። ያኔ እማዬ፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ ተጫውታ የማታውቀው እማዬ፣ እጇን ከልጅቷ ጆሮ ኋላ ሰደደችና ብሩን አወጣችላት። ልክ እንደ አንተ ዓይኗን አጉረጠረጠች። እኔ ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ።

ቤት እንደገባን ምስማር ከሰል ላይ አግላ በሳችው። እንደ ሰም ነው የተበሳው፤ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። በጠንካራ ክር አንገቷ ላይ አሰረችው፤ ከእንግዲህ ማንም አይውጠው። ሰው ሲጠይቃት ፕላስቲክ ነው፣ ባሌ የሰጠኝ ትላለች፣ ቀና ብላ።

እኔ መሐላዬን ስላፈረስኩ ከፋራውን፣ የሦስት ቀን ካሣውን፣ እየጾምኩ ነው፤ ዛሬ ሁለተኛ ቀኔ ነው። እማዬም አብራኝ ትጾማለች። አንቺ ለመሐላሽ፣ እኔ ለእሱ ውሸት ብላኛለች።

አባዬ፣ አልረሳህም። በመዳፍህ ስትቀልበው፣ ጆሮህ ሲቀላ፣ ሁሉንም እንደነበረ አድርጌ ለኢክራም እነግራታለሁ፤ አንድ ነገር አልደብቃትም። ፍርሃቴ ግን ገና አልለቀቀኝም። አሁን ግቢው ውስጥ ከእማዬ ጋር ስትስቅ ይሰማኛል፤ እኔም ብዕሩን አስቀምጬ አፏ ባዶ መሆኑን ለማየት እነሳለሁ።

ልጅህ ሰዓዳ