በዘይነብ በኩል ያለው መስታወት

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ዛሬ መኪናዋን ሐይቅ ከተማ ወስጄ ለጌታቸው አሳየሁት። መስታወቶቹ ላይ የተለጠፈው ጥቁር ላስቲክ፣ ቲንቱ፣ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ተለውጧል፤ የኋላውም አረፋ አውጥቷል። ከሦስት ዓመት በፊት እሱ ራሱ ነበር የለጠፈልኝ። ያስለጠፍኩት ለባለቤቴ ለዘይነብ ብዬ ነው፤ ደሴ ለሕክምና ስንመላለስ ፀሐዩ ዓይኗን ይወጋት ነበር።

«ጋሽ ሰይድ፣ በምንድን ነው የሚያጥቡት?» አለኝ።

«እንደነገርከኝ ነው፤ በሳሙና ውሃና በለስላሳ ጨርቅ።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የአንቱ አይደለም። ርካሹ ቲንት ፀሐይ አይችልም።»

ከዚያ በዘይነብ በኩል ያለውን በር ከፈተ። የዚያ መስታወት ቲንት ከላይ ጠርዙ ላይ ተጨማዷል። «ይኸን ግን ፀሐይ አላደረገውም። ሙጫው ሳይደርቅ መስታወቱን ያወረደ ሰው አለ» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

እኔ አልነበርኩም። በተለጠፈ ማግስት ከሐኪም ቤት ስንመለስ፣ ሐይቁ ብቅ ሲል ዘይነብ አወረደችው። አራት ቀን እንዳይነካ ተብሎ ነበርና ጮህኩባት። «ነፋሱን ፈልጌ ነው፤ አፉ በለኝ» ብላ ይቅርታ ጠይቃኝ ወዲያው ዘጋችው።

አራቱ ቀን አለፈ። ደርቋል፣ አሁን ክፈቺው አላልኳትም። ትዝም አላለኝ። እሷም ደግማ አልነካችውም። እስክትሞት ድረስ ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ተመላለስን፤ ሐይቁን ሁልጊዜ በተዘጋ መስታወት ነው ያየችው። አላህ ይማራት። እኔን ግን ማን አፉ ይበለኝ።