የኮምፒውተሩ ልብስ

ውድ ጋሼ ፊውዝ፣

…እና የኮምፒውተሬን ሳጥን ሲከፍቱት አቧራው ቦነነና ሁለታችንም እኩል አስነጠስን። እርስዎ ያቺን የቀለም ቡሩሽዎን እንደያዙ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ስሚ መዝገቧ፣ ይሄ እኮ ኮምፒውተር አይደለም፤ ወፍጮ ቤት ነው» አሉኝ። ሳቅሁ። ከሳቄ ሥር ግን ፊቴ ጋለ። የመዝገብ ቤቱ ንጽሕና የማን ሆነና! ዐሥራ ሁለት ዓመት የአንድ ተማሪ ወረቀት ያልጠፋባት ሴት፣ እግሯ ሥር በተቀመጠው ሳጥን ውስጥ አቧራ ስታሳድግ ኖራለች።

ከዚያ ከሰዓት በኋላ መጀመር አለብኝ። ሌላ መጀመሪያ ፈልጌ አጣሁ።

ይህን የምጽፍልዎ በእሱው ላይ ነው። ልክ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አበራሁት። ትምህርት ቤቱ ገና ባዶ ነው፤ ከኮሪደሩ የመወልወያ እንጨት ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ ይሰማኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሴቭ አደርጋለሁ፤ ሌላ ጽፌ ሴቭ አደርጋለሁ። ጣቶቼ ይጽፋሉ፣ ጆሮዬ ሳጥኑ ላይ ነው።

ስምዎን ትቼ እንደ ሁሉም ሰው ጋሼ ፊውዝ ማለቴን አይቀየሙኝ። አምፖል ይሁን ደወል፣ ዝም ካለ ነገር ሁሉ ፊት ቆመው መጀመሪያ «ፊውዙን አይታችኋል?» ስለሚሉ የወጣልዎ ስም ነው። ይወዱት ነበር። አሁን ምን እንደሚወዱ አላውቅም።

ያን ዕለት ሳጥኑን ጠራርገው፣ ብሎኖቹን አስረው ሲሄዱ እኔ የመስኮቱ መጋረጃ ሲቀየር የተረፈውን ጨርቅ ከመሳቢያዬ አወጣሁ። ሳጥኑን በክር ለካሁት። ቤቴ ወስጄ ሰፋሁለት። ለማብሪያው ቁልፍ ክብ ቀዳዳ አወጣሁ፤ ዙሪያውን ዘመዘምኩት። ጎንና ጀርባውን ግን እንደ ትራስ ልብስ ድፍን አደረግሁት፤ ገመዶቹ የሚወጡበት ስንጥቅ ብቻ ሲቀር። በማግስቱ ጠዋት አለበስኩት። የገባ ሁሉ «ውይ ሲያምር!» አለኝ። እርስዎ ዳግመኛ እንዳያስነጥሱ ብዬ ነበር። ይህን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም፤ ሞኝነት ይመስላል።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ የሰባተኛ ክፍልን ውጤት ሳስገባ ድርግም አለ።

መጡ። ልብሱን የእንግዳ ካፖርት እንደሚቀበል ሰው ቀስ ብለው አወለቁለት፤ አራት አጥፈው መስኮቱ ላይ አኖሩት። አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ተቀመጡ። አንዴም አልጠፋም። «ምንም የለው፤ ኩርፊያ ነው» ብለው ሄዱ። አለበስኩት። በግማሽ ሰዓት ድርግም። እንደገና መጡ፤ እንደገና አወለቁለት፤ እንደገና ጨዋ ሆነ። መምህራኑ መጀመሪያ «ጋሼ ፊውዝን ሲያይ ቀጥ ይላል» እያሉ ይስቁ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሳቁ መልኩን ቀየረ። «እጁ እኮ መንቀጥቀጥ ጀምሯል» አለ አንዱ። «ደህና የነበረውን ሲነካካ ነው ያበላሸው» አለ ሌላው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሻይ እጠጣ ነበር። አዎ አላልኩም። አይደለም ግን አላልኩም።

አሁን ወደዚያ ልምጣ። እጄ ከፊደሎቹ ላይ መነሳት ይፈልጋል።

በመጨረሻው ቀን ልብሱን አጥፈው ወዲያው አላስቀመጡትም። በሁለት እጅዎ ይዘው ትንሽ ቆዩ። ዝምዝማቱን በአውራ ጣትዎ አሻሹት። «ስፌትሽ ያምራል» አሉኝ። ቀጥለው፣ «ግን ይሄን ልጅ አትሸፋፍኚው፤ ይሞቀዋል» አሉ።

ሳቅሁ። እርስዎም ፈገግ አሉ። ኮምፒውተሩን ሁልጊዜ እንደ ልጅ ነበር የሚያወሩለት፤ አንድ ቀን «እንቅልፉን አልጠገበም»፣ ሌላ ቀን «ጥርስ እያበቀለ ነው» ይሉኛል። ይህንንም እነዚያ መሃል ከተትኩት። ፊቴን አይተው ነው ያልገፉበት? ጨርቁን እንዴት እንደምወደው አይተው ነው? እርስዎ በር ከመዝጋትዎ በፊት አለበስኩት።

በማግስቱ ድርግም ሲል የሁለት መቶ አርባ ተማሪ ውጤት አብሮት ጠፋ። ወላጆች ኮሪደሩን ሞሉት። ርዕሰ መምህርቷ እኔንም እርስዎንም ቢሮዋ አስጠራችን። እርስዎ ቆመው ነበር፤ ወንበር ነበረ፣ አልተቀመጡም።

«ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?» አለችዎ።

«ሁለት ቀን ስጪኝ። አንድ የጠረጠርኩት ነገር አለ። ሦስቴ ሳልደግመው ግን አፌን ሞልቼ አልናገርም።»

«ሁለት ቀን? ወላጅ እኮ በር ላይ ቆሟል!» ወደ እኔ ዞረች። «እሳቸው ከመክፈታቸው በፊት እንዲህ አድርጎ ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኩ። እውነት ነበር።

«ትናንት ሲያዩት ምን አሉሽ?»

ጋሼ፣ ያን ጊዜ ያስታወስኩት ስፌትሽ ያምራል ያሉትን ነበር። ሁለተኛውንም አስታውሼዋለሁ። የዚያን ሁሉ ወላጅ ድምፅ በበሩ ሥር እየሰማሁ «ይሞቀዋል አሉኝ» ብል የሚሳቀው በእኔ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ቀልደው ሄዱ» አልኩ።

ይኸው ነው። ሁለት ቃል። እርስዎ አላዩኝም። እጆችዎን አዩ፤ መዳፍዎን ገልብጠው፣ ይንቀጠቀጡ እንደሆነ ራስዎ የሚመረምሩ ይመስል። እኔ ያልኩትን ጽፌ ፈረምኩ። በሳምንቱ ጡረታዎ አራት ወር ሲቀረው ቤትዎ እንዲቀመጡ ተደረገ፤ ደብዳቤው ላይ «በቸልተኝነት» የሚል ቃል አለ። ፋይልዎ ውስጥ ያስገባሁት እኔው ነኝ፤ ሥራዬ ነዋ። በቀይ ቀለም ቁጥር ሰጠሁት። የእኔ ቃል ገጽ 61፣ የእርስዎ ደብዳቤ ገጽ 62። ቁልፎችዎን ለማስረከብ ሲመጡ ቡሩሽዎን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ሄዱ። ረስተው ይሁን ሆን ብለው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከእርስዎ በኋላ ከአንድ የኮምፒውተር ጥገና ድርጅት ሁለት ባለሙያዎች መጡ። ፓወር ሰፕላዩን ቀየሩ። በሌላ ቀን ሚሞሪውን ቀየሩ። በሌላ ቀን ሁሉንም አጥፍተው ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫኑ። በመጡ ቁጥር ልብሱን ወንበሬ ላይ ይሰቅሉታል፤ ይሠራል፤ አስፈርመውኝ ይሄዳሉ። እኔ አለብሰዋለሁ። ድርግም። ርዕሰ መምህርቷ «ጋሼ ከሥሩ ነው ያበላሹት» አለች። ያኔም ሻይ እየጠጣሁ ነበር መሰለኝ።

ከዚያ ካለፈው በፊት በነበረው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ቀዩን ቀለም ልብሱ ላይ ደፋሁት። ልጠበው ብዬ ወደ ቤት ወሰድኩት። ኮምፒውተሩ ሐሙስን ውሎ ጨረሰ፣ አልጠፋም። ዓርብ አልጠፋም። «አበጁት ማለት ነው» አልኩ። ሰኞ ልብሱን ተኩሼ፣ የቀለሙን እድፍ በጀርባ በኩል አዙሬ አለበስኩት። ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ድርግም።

ጥቁሩ መስታወት ላይ ፊቴን አየሁት። የእርስዎ ድምፅ መጣ፤ ጆሮዬ ሥር የቆሙ ያህል። አትሸፋፍኚው፤ ይሞቀዋል። እጄን ከጨርቁ ሥር ወደ ጀርባው ሰደድኩ። ማራገቢያው ትኩሱን አየር የሚያስወጣበት ወንፊት የእኔ ስፌት ላይ ተለጥፏል። ያቃጥላል። ምስኪኑ ራሱን ከመቃጠል እያዳነ ነበር የሚጠፋው።

እዚያው ተቀመጥኩ። አንዲት እናት የልጇን ሰርተፍኬት ልትወስድ ገብታ፣ «እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። «ሞቆኝ ነው» አልኳት።

እንደ እርስዎ አደረግሁ። አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ከዚያ መጠበቅ። ወንበሬን እንኳ አላዞርኩም። ማክሰኞ ያለ ልብስ፤ ዋለ። ረቡዕ በልብሱ፤ በሠላሳ አንድ ደቂቃ ጠፋ። ሐሙስ ያለ ልብስ፤ ዋለ። ዓርብ በልብሱ፤ ሃያ ስምንት። የመጀመሪያውን ጊዜ ስህተት በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ሁለተኛውንም ተመኘሁ። ትናንትና፣ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ሰዓቴን ከእጄ ፈትቼ ፊቴ አኑሬ አፍጥጬ ጠበቅሁት። ሠላሳ ሦስት። ሁለት ቀን የጠየቁት ለዚህ ነበር።

አንድ ነገር አልደብቅዎትም። የካቢኔው ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ዓርብ ከሥራ መውጫ ላይ ፋይልዎን አወጣሁ። 61 እና 62 የመጨረሻዎቹ ገጾች ናቸው፤ ቢነሱ ፋይሉ በ60 ያልቃል፤ ቀዳዳ እንኳ አይተውም። ሁለቱን ከማሰሪያው ላይ ነቅዬ ያዝኳቸው። ቀላል ነበሩ። ማን ያውቃል? ማንም። ማንም ባያውቅ ደግሞ እርስዎ በዚህ ኮሪደር እስከ ዘላለም እጁ የተንቀጠቀጠ ሰው ሆነው ሊቀሩ ነው፤ እኔም ቁልፍ ያላት ታማኝ ሴት። መልሼ አሰርኳቸው። የአንዱ ጠርዝ ትንሽ ተቀዷል፤ የቀደድኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ዓይኔን በጨው አጥቤ ቤትዎ መጣሁ። ባለቤትዎ በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ተኝቷል» አሉኝ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር። ከውስጥ ሳልዎን ሰማሁት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግራቸው ነው፤ ብዙ አልቆይም።»

«የነገርሽው ይበቃል፣ ልጄ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ከሁሉም ከበደኝ።

ትክክል ናቸው። እዚያ የመጣሁት ቀሎኝ ለመመለስ ነበር። ይቅርታውን አስቀድሜ፣ ሥራውን ወደ ኋላ። እርስዎ ቢሆኑ «ፊውዙን አይተሻል?» ይሉኝ ነበር። የእኔ ፊውዝ ያለው በዚህ ኮሪደር ጫፍ ነው፣ በርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ውስጥ።

ስለዚህ ገጽ 63ን ጻፍኩ። በእጄ፣ አጭር አድርጌ። ኮምፒውተሩን የሚያጠፋው እኔ የሰፋሁት ልብስ መሆኑን፤ ቀኖቹንና ደቂቃዎቹን፤ እርስዎ ቀድመው ነግረውኝ እንደነበር፤ ቀልደው ሄዱ ያልኩት ሐሰት መሆኑን። ፈረምኩበት። መዝገብ ቤት ቃሏ የማይታመን ሴት እንደማትቀመጥበት አውቃለሁ፤ ከወረቀቱ ላይ የካቢኔውን ቁልፍ አኑሬዋለሁ፣ ከተጠየቅሁ እንዳልፈልገው። ልብሱም ታጥፎ አጠገቡ አለ። አራት እጥፍ፣ እንደ እርስዎ። የቀለሙ እድፍ አልለቀቀም።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ሊሆን ነው። አርባ ሦስት ደቂቃ፤ ሳጥኑ ያንኑ ያጉረመርማል። ፈገግ አልኩ መሰለኝ።

የርዕሰ መምህርቷን በር ያውቁታል፤ ማጠፊያውን ሦስት ጊዜ ጠግነውታል፤ ዛሬም ገብታ ስትዘጋው ኮሪደሩ ሙሉ ይሰማል። እሱን ስሰማ እነሳለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልጨምርም፤ ተመልሼ ያለውን እንዳለ አትመዋለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ከቡሩሽዎ ጋር ይዤው እመጣለሁ። ባይከፍቱልኝ በበሩ ሥር አሾልከዋለሁ፤ ቡሩሹ ግን አያልፍም፤ እሱን ይዤ ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ።

ፊርማዬን ከአሁኑ ላኑር፣ በኋላ ጊዜ ላይኖር ይችላል።

የበደለችዎ፣
መዝገቧ

መወልወያው ቆመ። የተረከዝ ድምፅ። ጽዳቷ «እንደምን አደሩ» ትላለች።

በሩ ተዘጋ።