ከጓዳ የወጣው ካፖርት

ጨርቅ ቆራጩ ወንድሜ፣ የልብስ ስፌት ሱቃችን እንዴት ሰነበተ?

በዚህ ፖስትካርድ ላይ ስላለው የልጄ ከተማ ድልድይ አትጠይቀኝ፤ እኔም አላየሁትም። የምውለው እሷ መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ልብስ የሚደረደረው መስኮት ላይ ሳይሆን ኢንተርኔት ላይ ነው። አለቃዋ የሽያጭ ገጹን ለሙከራ ሰጥቷታል፤ ካልሸጠችበት ልብስ ወደምታጥፍበት ጠረጴዛ ትመለሳለች። እኔም እንደ ሱቃችን ደንብ፣ «ምርጡን ካፖርት ከኋላ አድርጊው፤ እውነተኛ ገዢ ራሱ ይጠይቃል» አልኳት። አክብራኝ መጨረሻ ላይ አኖረችው። እስከ ምሳ ዞር ብሎ ያየው የለም።

«አባዬ፣ እዚህ ‹ከጓዳ ሌላ የለም ወይ?› የሚል ሰው አይመጣም። ፊት ለፊት ካላገኘ ይሄዳል» ብላ ወደ መጀመሪያው አመጣችው።

«ውድ ዕቃ እንደ ተራ ጨርቅ በር ላይ ይሰቀላል እንዴ!» ብዬ ጮህኩ።

ሻዬን ሳልጨርስ ገዢው ተንጋጋ። ማምሻውን አለቃዋ ገጹን በቋሚነት ሰጣት።

መስፋትንም ማንም አላስተማረኝም፤ ይህንንም እለምደዋለሁ። ስመለስ የእኛም ሱቅ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፤ አትከራከረኝ።

ቦታ ጠበበኝ። ሚስትህን እትዬንና ልጆችህን ሳምልኝ። የሱቃችንን ምርጥ ካፖርት፣ ግራጫውን፣ ዛሬውኑ ከጓዳ አውጥተህ በሩ ላይ ስቀለው። ማን አዘዘህ ካሉህ እኔ ነኝ፤ ማን አሳመነው ካሉህ ግን አታውቅም።