ከአንድ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ

ዳንግላ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዴስክ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከረምሽሳ? አባትሽስ እንዴት ናቸው? የእናትሽ የእትዬ ማናየሽ ወገብስ ተሻለው? እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው፤ ጌታ ይመስገን። አባቴ እንደ ድሮው ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ሥራ የለውም። እናቴ ሱቋን ከፍታ ትውላለች፤ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ግን ዕቃ ስላልገባ መደርደሪያው ሳሙናና ክብሪት ብቻ ነው። እኔም በአካል ደህና ነኝ።

አንቺ አዲስ ቅዳም፣ እኔ ዳንግላ። ሚኒባስ ቢኖር ወሬያችንን ሳንጨርስ የምንደርስበት መንገድ ነበር። አሁን መኪና የለም፤ ስልኩም አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይተኛል። ይህን ፖስታ የሚያመጡልሽ ጎረቤታችን እትዬ ያለምወርቅ ናቸው፤ ለቅዳም ገበያ በእግራቸው ይወርዳሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስልኩ ቢሠራም አልደውልልሽም ነበር። ድምፅሽን ከሰማሁ መናገር ያቅተኛል።

አምና ዩኒቨርሲቲ ስለገባሁበት ልዩ ፕሮግራም፣ ስለ ኦነርሱ ስትጠይቂኝ «ደህና ነው» ብዬ አለፍኩሽ። ዛሬ በደንብ ልጻፍልሽ፤ ማወቅ አለብሽ።

መምህር አስቻለው ሁለታችንን ቢሮው ጠርቶ የነገረን ሁሉ እውነት ነው። እንዲያውም አሳንሶ ነው የነገረን። መደበኛው ተማሪ መቶ ሆኖ በሚማርበት እኛ ሃያ ሁለት ነን፤ መምህሩ በስማችን ይጠራናል። እያንዳንዳችን አማካሪ አለን፤ ስታጠፊ የሚቆጣሽ፣ ሲከፋሽ በሩን የሚከፍትልሽ። ዶርም አራት ሆነን ነው። ኮምፒውተር ያውሱናል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ራስሽ በመረጥሽው ነገር ጥናት ትጀምሪያለሽ፤ ከጨረስሽ በኋላም ለማስተርስ መንገዱ ከሌላው ሰው ይልቅ ላንቺ ቅርብ ነው። ከሁሉም ከሁሉም አስተባባሪዋ ዶክተር ሃና የተማሪውን ወላጅ ራሷ ደውላ ታነጋግራለች፤ መናኸሪያ ድረስም ሰው ልካ ትቀበላለች። መንገድ ተዘግቶ የቀረ ተማሪ ቢኖር ቦታው ይጠበቅለታል።

ይህን የመጨረሻውን ሳልጽፍልሽ ማለፍ አልቻልኩም። አባትሽ ምን እንዳሉ አውቃለሁ። አምና በጥር ለዕረፍት መጥቼ እናትሽን እዚህ ገበያ አገኘኋቸው። መንግሥት የመደበሽ ቦታ ሩቅ ስለሆነ አባትሽ «ተጠሪ በሌለበት አገር ልጄን አልልክም» ብለው እንዳስቀሩሽ ነገሩኝ። ቀጥለውም፣ «በዚያ አንቺ በገባሽበት ቢሆንላት ኖሮ ይለቃት ነበር» አሉኝ። እጄን ይዘው ነው የነገሩኝ፤ ቅር ብሏቸው አልነበረም።

አሁን የአምናውን የጥቅምት ነገር ልንገርሽ። እዚህ ኢንተርኔት ስላልነበረ ማመልከቻውን ባሕር ዳር ሄጄ ልልክ፣ አንቺም ወረቀትሽን ሁሉ በሰማያዊው ማኅደር አድርገሽ ሰጠሽኝ። ከአባቴ ጋር ሄድን። የአባቴ ወዳጅ አቶ ወገኔ የሚሠራበት ቢሮ ኢንተርኔት ነበረው፤ አንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠውኝ እነሱ ለምሳ ወጡ። የእኔን ሞላሁና ላክሁ። ከዚያ ያንቺን ጀመርኩ። ስምሽን ጻፍኩ፣ የአባትሽን ስም ጻፍኩ። ትምህርት ቤታችንን ስመርጥ ከሥሩ የእኔን ስሞላ ያልነበረ አንድ መስመር በቀይ ወጣ፦ ከአንድ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ብቻ ይመረጣል። መምህር አስቻለው ይህን አላወቀም፤ እኛም አላወቅንም።

ያንቺ ውጤት 452 ነው። የእኔ 429።

ከማኅደሩ የማመልከቻ ድርሰትሽን አወጣሁና አነበብኩት፤ አባትሽ ከሰል ሲያከስሉ ጭሱ ከነጭ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ አይተው ብቻ ከሰሉ መድረሱን እንደሚያውቁ፣ አንቺ ደግሞ ለምን እንደሚለወጥ ማወቅ እንደምትፈልጊ። የእኔ ድርሰት ከመጽሐፍ የተቀዳ ነበር። ስምሽን ፊደል በፊደል አጠፋሁት።

ኔትወርኩ አልጠፋም ነበር፤ አቶ ወገኔ ከምሳ ተመልሶ ዜና ሲያይበት ቆየ።

እስክመለስ እዚሁ ዳንግላ ቆይተሽ፣ ማታ መናኸሪያ ወጥተሽ ስትጠብቂኝ «ያንቺን ልልክ ስል ጠፋ» አልኩሽ። አንቺ ምን አልሽኝ? «ምን ታደርጊያለሽ እቴ፤ ያንቺ እንኳን ገባ።» ቦርሳዬን ተቀብለሽኝ እስከ ቤት ሸኘሽኝ። ተቆጥተሽኝ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜውኑ እናገር ነበር ብዬ ራሴን አታልላለሁ።

ከዚያ ወዲያ መውጫ አጣሁ። ስሜ የወጣ ሳምንት አባቴ ጉባኤው ፊት አቁሞ መስክሪ አለኝ። ማይኩን ያዝኩና «ኔትወርክ በጠፋበት አገር ጌታ ለእኔ መስመር ከፈተልኝ» አልኩ። ሰው ሁሉ ሃሌ ሉያ አለ፤ እናቴ አለቀሰች። እዚያም ስደርስ በትውውቁ ቀን እንዴት እንደመጣን እንድንናገር ተጠየቅን፤ ያንኑ ደገምኩት። ዶክተር ሃና በጣም ስለወደደችው እንግዳ በመጣ ቁጥር እኔን ታስነሳለች። ስንቴ እንደተናገርኩት አላውቅም። ጥሩ ነገር በተደረገልኝ ቁጥር፣ ኮምፒውተሩን ስቀበል፣ አማካሪዬ «ጎበዝ» ሲለኝ፣ በር የተዘጋብኝ ያህል ይሰማኝ ነበር። ለማን ልናገር? ለአባቴ ብናገር እሱም በዚያው ጉባኤ ፊት መቆም አለበት። ለእናቴ ብናገር ለእሱ ትነግረዋለች። በትምህርቴም አልወደቅኩም፤ ብወድቅ እኮ ይቀለኝ ነበር።

በነሐሴ ዓመቱ ሲያልቅ ዶክተር ሃና ቢሮ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። መነጽሯን አውልቃ እንዲህ አለች፦ «ቦታሽን ለእሷ ማውረስ አትችይም፤ ራሷ አመልክታ ነው የምትገባው። አንቺ እዚህ እስካለሽ ድረስ ግን ከዚያ ትምህርት ቤት ሌላ ሰው አንቀበልም።» ውጤትሽ ዘንድሮም እንደሚሠራ ጠየቅኳት፤ ይሠራል አለች። በችኮላ እንዳልወስን፣ መጀመሪያ አባቴን እንዳማክር መከረችኝ። እሺ ብያት ወጣሁ።

አባቴን አላማከርኩም።

እንግዲህ አድምጪኝ። ሰማያዊው ማኅደርሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ዓመት ሙሉ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ሥር ነበር፤ አንድም ወረቀት አልጎደለም። ዘንድሮ ኔትወርክ ለሌለበት አካባቢ በወረቀትም ይቀበላሉ። እስከ ታኅሣሥ 30 ድረስ መምህር አስቻለው ፈርሞበት በትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ይላካል። እሱን አግኝቼዋለሁ፤ የትምህርት ቤታችን ቦታ ክፍት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶታል። እንዴት ክፍት እንደሆነ እሱም ጠይቆኝ አልመለስኩለትም። አንቺም አትጠይቂኝ። ለአባትሽ የዶክተር ሃናን ስልክ ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ፤ ስልክ በሠራ ቀን ይደውሉላትና ራሳቸው ያነጋግሯት። ድርሰቱን እንዳትለውጪው። እዚያ የማገዶና የከሰል ነገር የሚያጠና አንድ መምህር አለ፤ ጭሱን ስታነሺበት ወንበር ስቦ ነው የሚያስቀምጥሽ።

ይቅር በይኝ ብዬ መጻፍ ጀምሬ ሦስቴ ሰረዝኩት። እንዳንቺ ፈቃድ ይሁን። ለሰው ብትነግሪም መብትሽ ነው፤ አባቴ ጆሮ ቢደርስም አልቀየምሽም። ምናልባት እኔ ያልቻልኩትን አንቺ ታደርጊልኝ ይሆናል።

የእኛ ሰፈር ወሬ ያው ነው። የመደበኛው ተማሪ ምዝገባ ባለፈው ሳምንት አልቋል ሲባል የጎረቤታችን ልጅ አዝመራው መሄጃ አጥቶ ቀረ፤ እናቱ ቤታችን መጥታ አለቀሰች። አባቴ አጽናናትና፣ ከሄደች በኋላ ወደኔ ዞሮ «አንቺስ ተመስገን፤ ያንቺ ቦታ ይጠበቃል» አለኝ። ፍራሼንና መጻሕፍቴን ሁሉ ይዤ መምጣቴን አይቷል፤ ለምን ብሎ አልጠየቀም። እሑድ እሑድ ጉባኤው ቆሞ መንገዱ እንዲከፈትልኝ ይጸልያል። በስሜ ነው የሚጸልዩት። እኔም መካከላቸው ቆሜ አሜን እላለሁ።

ጾሙ ሊገባባችሁ ነው፤ በሰላም ያስፈታሽ። እናትሽ ሲሸኙኝ ሁልጊዜ «እመቤቴ ትከተልሽ» ይሉኝ ነበር፤ አባቴ ባይሰማኝ እኔም ዛሬ ላንቺ እንዲሁ እላለሁ። በሄድሽበት የሚቀበልሽ አይጥፋ። የአባትሽ ምድጃ በረከቱ ይብዛ፣ የእናትሽን ወገብ ጌታ ይዳብስልኝ። መልስ ባትጽፊልኝ አይከፋኝም። ማኅደሩ እጅሽ መድረሱን ብቻ በእትዬ ያለምወርቅ በኩል ላኪልኝ።

የዴስክ ጓደኛሽ