ሹራብ በካርቱም ሙቀት

አንዱዬ፣ ቦርሳህን አስቀምጥና ቁጭ ብለህ ስማኝ። ወጡ ድስቱ ውስጥ ነው፣ ዳቦው በፎጣ ተጠቅልሏል። እኔ ማንሺያ ሰፈር የሰው ቤት ሥራ ገብቻለሁ፣ እስከ ቅዳሜ አልመለስም።

የዛሬውን ጉድ «እኔ» እያልኩ ለመጻፍ አፍሬአለሁ። እናትህን «እሷ» ልበላት።

ጓደኛህ ሙስዐብ ጠዋት በር አንኳኩቶ፣ «አንዱዓለም የሐሙሱን ሸራብ እንዳይረሳ» አላት። ዐረብኛዋን ታውቀዋለህ፣ ሹራብ መሰላት። በዚህ ሙቀት ሹራብ ምን ያደርግላቸዋል ብላ ብትገረምም፣ የተማረ ሰው ነገር አይታወቅም አለችና የሰማያዊ ሹራብህን የተተረተረ እጅጌ ሰፍታ ሰጠችው።

ልጁ ሳቁ አላስቆም ብሎት ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ አውራ ጣቱን ወደ አፉ ገልብጦ አሳያት።

መጠጥ ኖሯል።

«ሐሙስ ሶባ እንጠጣለን። አንዱዓለም እሺም እምቢም አላለም» አላት። «ካልጠጣ ሕፃን ነው የምንለው።»

ሹራብህን ለክፍል ልጆች አሳያለሁ ብሎ ይዞት ሄዷል። ሹራቡን መስጠቷን ይቅር በላት። አንተ ግን ሳምንቱን ሙሉ አብረሃት እየበላህ አንዲት ቃል ሳትተነፍስላት...

ተወው።

መጠጣት አለመጠጣቱን የምታውቀው አንተ ነህ እንጂ እናትህ አይደለችም። ከጠጣህ እዚያው ሶባ እደር፣ ድልድዩ ላይ የጠጣ ሰው የሚይዝ ቡሊስ አለ። ሕፃን እንዳይሉህ ብለህ ብቻ አትጠጣ። እምቢ ማለት ካፈርክ በእናትህ በዘርፈሽ አሳብብ። «ቤት ስገባ አፍ አፌን እያሸተተች የምትጮህ ክፉ አሮጊት አለችብኝ» በላቸው።

አትቀየምህም። አንተ ግን ሹራብህን የሰፋችውን ይህቺን አስታውሳት።