የመጨረሻውን ክፍል ልኬልሃለሁ

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? የመካነ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞሃል? ያ ከልጅነትህ ጀምሮ የማይለቅህ ሳል ተሻለህ ወይ? እኛ አለን። እናታችን ጉልበቷን ከማመሟ በቀር ደህና ናት፤ ስትጸልይ ከሁላችን አስቀድማ ያንተን ስም ትጠራለች። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም።

ባለፈው ስትደውል ያን ትልቁን መጽሐፍ ልትጨርስ እንደሆነ ነግረኸኝ፣ የመጨረሻውን ክፍል ከታከለ ቤት ተቀብዬ እንድልክልህ ጠየቅኸኝ። ታከለ መሞቱን ከሰው እንደሰማህና ከልብህ እንዳዘንክም ነገርከኝ። ድምፅህ ረጋ ያለ ነበር። እሺ ብዬ ዘጋሁና ስልኩን ግድግዳ ላይ ፈጠፈጥኩት። አሁን የምደውለው በእናታችን ስልክ ነው።

መቼም አትረሳውም፣ ጎንደርን ሙሉ አስሰን ያገኘነው አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። መጽሐፉ እንደ ጽዋ ከቤት ቤት ይዙር ብንል ተራ እስኪደርሰን እናረጃለን ብሎ፣ በጫማ ሰፊ ቢላ አራት ቦታ የከፈለው ታከለ ነው። መሪጌታ ነጋ ደግሞ እያንዳንዱን ክፍል እንደ ዳዊት በቆዳ ደጎሱልን። የንባብ ማኅበራችን ሕግ ግልጽ ነበር፤ ክፍሉን የያዘ ሰው ያነበበውን በሁላችን ፊት ቆሞ ሳይተርክ ለሌላ አያስተላልፍም። ግን ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው እባክህ! አንዱ ሰው በሦስት ስም ይጠራል፤ አሁን ሊጋቡ ነው ስትል ደራሲው ስለ ድልድይ አሠራር ሃያ ገጽ ያወራል። እኔ ተናድጄ አልጋ ሥር የወረወርኩት ጊዜ አለ። የማይማረረው ታከለ ብቻ ነበር።

ላንተ ሁለተኛው ክፍል ደረሰህ። ጥቂት ገጽ አንብበህ ተውከው። ተራህ ሲደርስ ግን ቆመህ በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ ውጊያ ተረክልን፤ ዋናውን ሰውዬ በጥይት ገድለህ በክብር ቀበርከው። ታከለ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። የቀበርከው ሰውዬ ሦስተኛው ክፍል ላይ ሚስት ያገባል አለህ። ሁላችንም ሳቅን፤ ያንተ ፊት ሲጠቁር ግን አይቻለሁ። ጫካ ስትገባ ያን ክፍል ከሦስተኛው ጋር ይዘኸው ሄድክ። ጨርሼ መጥቼ አሳያችኋለሁ ብለህ ዛትክ፤ እኛም ይሄ ልጅ ሲቀልድ ብለን ተውነው።

አሁን ሹፌሩ ሐምዛ የነገረኝን ልንገርህ። ታከለ ወደ ዛሪማ ሲሄድ የተሳፈረው በሐምዛ ማኪና ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ አለፍ ብሎ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። የታጠቁ ልጆች ተሳፋሪውን አውርደው አስፋልቱ ዳር አንበረከኩት። አያ ወንዴ የሚባሉ ሽማግሌ ቀስ ብለው ወረዱ ተብሎ በሰደፍ አፋቸውን ተመቱ፤ ጥርሳቸውን ከደማቸው ጋር ተፉት። አንዲት ሴት ስትጮህ ፀጉሯን ይዘው ፊቷን ከጠጠሩ ጋር አሹት። ይህን ጊዜ አለቃቸው ከድንጋዩ ጀርባ ብቅ አለ። ታከለ ሲያየው እፎይ አለ። ከተንበረከከበት ተነሥቶ እየሳቀ እጁን ዘረጋለትና፣ ምነው ወንድም ዓለም፣ ሁለተኛውን ክፍል እስካሁን አልጨረስከውም እንዴ አለው። ከታጠቁት ልጆች አንዱ ሳቁ አመለጠው። አለቃው ታከለን ደረቱ ላይ ተኮሰበት። መሬት ከወደቀም በኋላ ጨመረለት።

ሐምዛ ይህን የነገረኝ ለእኔ ብቻ ነው። የአለቃውን ስም ሲጠራ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

ሐምዛ ማኪናውን አዙሮ እኔ ወደምሠራበት ሆስፒታል አመጣው። ደም እንዲሰጠው ዓይነቱን የመረመርኩት እኔ ነኝ። ውጤቱን ይዤ ስሮጥ ፊቱን ሸፍነውታል። ቦርሳውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ውስጡ አራተኛው ክፍል ነበር። ደሙ ገብቶበት ቅጠሎቹ ተጣብቀው ጡብ መስለዋል። ሙቅ ውሃ ደምን ይባስ እንደሚያጣብቀው በሥራዬ አውቃለሁና፣ ጨው በገባበት ቀዝቃዛ ውሃ እያራስኩ በመቆንጠጫ አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው። ሳህኑ ላይ ያለው ውሃ ቀላ፤ ደፍቼ ሌላ ቀዳሁ፣ እሱም ቀላ። በዚያ ሁኔታ እያላቀቅኩ እያነበብኩ መጽሐፉን ጨረስኩት። ከማኅበራችን የጨረስኩት እኔ ብቻ ነኝ። መጨረሻው ሸጋ ነው፣ ታከለ ይወደው ነበር።

ወደ ዛሪማ ለምን እንደሄደ ታውቃለህ? ወላጆቹ እናታችን ዘንድ ሽማግሌ እንዲልኩለት ሊለምን ነበር። አንተ ስትመጣ ልናበስርህ ብለን ደብቀንህ ነው። እወደው ነበር። አሁንም እወደዋለሁ።

ታናሽ ወንድሙ ሙሉቀን ደሙን ሳልመልስ አልላጭም ብሎ ምሎ ፀጉሩን አጎፍሯል። ለቅሶው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ፣ እታለም፣ ማን እንደገደለው የሰማሽው ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። እናታችን ከማዶ ተቀምጣ ከእናቱ ጋር ታለቅስ ነበር። ደግሞ ሲጠይቀኝ ግን ስምህን ነገርኩት። ይቅር በለኝ አልልህም።

እንግዲህ የጠየቅኸኝ መጽሐፍ ይኸው። ቅጠሎቹ ቢጠቁሩም ይነበባሉ። እናታችን እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርህ፣ ልብ ይስጥህ፣ በሰላም ለደጄ ያብቃህ ብላ መርቃሃለች። ምን እንዳደረግህ አታውቅም። እኔም አሜን ብያለሁ፤ አፌ ይሁን ልቤ እንዳለው አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ በእጅህ የሰጠህ፣ አሁን ፊትህ የቆመው ጎፈሬው ሙሉቀን ነው። የታጠቁት ልጆችህ እንዲያሳልፉት ከአለቃችሁ እህት ነው የመጣሁት በላቸው ያልኩት እኔ ነኝ። አንብበህ እስክትጨርስ እንዲታገስህ በታከለ አጥንት አስምዬዋለሁ። እሺ ብሎኛል።

እህትህ