በሰንጠረዣችሁ ውስጥ ስለሞተው ባለቤቴ

ለተከበሩ የኪነ ጥበብና የባህል ኢኮኖሚክስ ጥናት መጽሔት ዋና አዘጋጅ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ፣ እርስዎ ከሟቾች ከመደቡት ባለቤቴ ጋር፣ ደህና ነኝ።

ሠዓሊ ሲሞት የሥዕሉ ዋጋ እንደሚንር ያረጋገጠውን ጥናታችሁን በአድናቆት አነበብሁት። በሰንጠረዡ ከሟቾቹ ተርታ የባለቤቴን ስም ሳገኝ ቀና ብዬ አየሁት፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሻዩን እፍ እፍ እያለ ያበርዳል። ዐሥር ዓመት ኤግዚቢሽን ያላሳየ ሠዓሊ እንደ ሞተ እንደሚቆጠር ከግርጌ ማስታወሻው ተረዳሁ። ወይ ጉድ! እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አፍሮ ነው እንጂ ያላሳየው፣ መሣሉንስ አልተወም ነበር። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና አቤት እላለሁ።

፩. ጥናታችሁ ከወጣ ወዲህ የሥዕል ነጋዴዎች ሊያጽናኑኝ ይመጣሉ፤ በሩን የሚከፍትላቸው እሱ ነው። አንዱማ የሟቹ ወንድም መስሎት አንገቱን አቅፎ አለቀሰ። ስለ ርኅራኄው እግዜር ይስጥልኝ።

፪. ባለቤቴ መጀመሪያ ስቆ ነበር። ኋላ ግን የሞተ ሰው አይሥልም ብሎኝ ብሩሹን አስቀመጠ። አሁን ሲራመድ ኮቴው አይሰማም፤ ስጠራው ሌላ ሰው የጠራሁ ይመስል ዞሮ ኋላውን ያያል። ሲያንቀላፋ እጄን አፍንጫው ሥር አድርጌ ትንፋሹን እጠብቃለሁ። ፈራሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ከገዛ ባሌ ጋር አንድ ክፍል መቀመጥ ፈራሁ።

፫. ማረሚያ እንድታወጡ ብለምን፣ አንድ ሟች ቢቀነስ የጥናቱ ውጤት እንደሚዳከም በጨዋ ቋንቋ ገለጻችሁልኝ። አለማወቄን ይቅር ይበሉኝ፤ የአንድ ሰው ነፍስ ይህን ያህል ሳይንስ የምታናጋ አልመሰለኝም ነበር።

የምለምነው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ በሕይወት አለ ብላችሁ አትሙለት። እኔ ብነግረው አላመነኝም፤ እሱ የሚያምነው የታተመ ነገር ነው።

ለእርስዎም ለቤተሰብዎም በአካልም በሰንጠረዥም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ባሏ ሳይሞት መበለት ያደረጓት ታዛዥዎ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ እንደ ጨረስሁ ባለቤቴ ብሩሹን አነሣ። እሰይ! ብዬ ሄጄ ባይ፣ በመጽሔታችሁ መግቢያ ላይ የወጣውን ፎቶግራፍዎን አስደግፎ እርስዎን ይሥላል። ቁርጥ እርስዎን ነው፤ ዓይኖቹን ብቻ ከድኗቸዋል። ለጊዜው ለመሸጥ አላሰብንም፤ ጥናታችሁ እንዳስተማረን፣ ትንሽ መጠበቅ ያዋጣል።